ለየኔታ ቀይ ቀለማቸውን መልሱላቸው

ባለፈው ክረምት ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ አንድ የትርጓሜ መምህር ኮምፒውተር ፊት አስቀምጬ ነበር። «የኔታ» ነው የምላቸው። የማቴዎስ ወንጌልን አንድምታ ከደብተራቸው እየገለበጥን ድረ ገጽ ላይ እናስገባለን።

ድረ ገጹ የሚተዳደርበት ሥርዓት ጽሑፍ የሚቀበለው በኤክስኤምኤል (XML) ነው፤ የጽሑፉን ክፍሎች በየስማቸው ለኮምፒውተር የምናሳውቅበት አጻጻፍ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከፊቱና ከኋላው ስሙ በቅንፍ ይጻፍለታል። ቅንፎቹ ሒሳብ ክፍል «ያንሳል» እና «ይበልጣል» ብለን የተማርናቸው ምልክቶች ናቸው። በቅንፍ የተጻፈው ስም ታግ ይባላል። የኔታ አንድ ቃል ሲያርሙ ከመዝጊያው ታግ ላይ አንዲት ስላሽ (/) አብራ ጠፋች። ሴቭ ሲሉት ገጹ በሙሉ አልቀበልም አለ። በቀይ የተጻፈ የእንግሊዝኛ መልእክት ወጣ። እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሱና «ልጄ፣ ምኑን ነካሁት?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፉም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ያጠፋነው እኛ ነን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትርጓሜ ያስተማሩ ሰው ቁጭ ብለው ስላሽ እንዲጠብቁ አደረግን። የሚያስፈልጋቸው ምስላዊ ኤዲተር ነው፤ ታጉን ደብቆ ራሱ የሚጽፍ የመጻፊያ ፕሮግራም።

ይህን ያወራሁት አንድ ወዳጄ፣ ራሱም የኮምፒውተር ሰው ነው፣ «ለምን ታደክሟቸዋላችሁ? ወርድ ላይ ይጻፉት፣ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ጫኑት፣ በቃ» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። እኔ አልስማማም።

አንድምታ ዝም ብሎ የተደረደረ ጽሑፍ አይደለም። መጀመሪያ የግእዙ ንባብ አለ። ከዚያ የአማርኛው ትርጉም። ቀጥሎ «አንድም» እያለ አንድ ፍች፣ ሌላ ፍች፣ ሌላም ይከተላል። መሀል ላይ «ሐተታ» ወይም «ታሪክ» ተብሎ የሚገባ አለ። በዚያ ላይ ጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት፣ ማለትም የሁለቱ የትርጓሜ ትምህርት ወገኖች፣ አገር ናት። አንዱ ፍች የየትኛው ቤት እንደሆነ የኔታ ያውቃሉ። ወርድ ላይ ግን ብዙዎቻችን የምናስቀምጠው ደመቅ ያለና ዘመም ያለ ፊደል ብቻ ነው። ፒዲኤፍ ከሆነ በኋላማ ከፎቶ ብዙም አይሻልም። ነገ አንድ ተማሪ «የታች ቤቱን ብቻ ላንብብ» ቢል ወይም ንባቡን ብቻ ለስልክ እናውጣ ብንል፣ ከሀ ብሎ መጀመር ነው። በኤክስኤምኤል ግን ንባቡ ንባብ መሆኑ፣ ፍቹም የማን መሆኑ አብሮ ይቀመጣል። አንዴ ይጻፋል። ለድረ ገጽም ለማተሚያ ቤትም የሚወጣው ከዚያው ነው።

ይህ ደግሞ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊ አጠገቡ ሁለት ቀለም ነበረው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ጥቁሩን ይዞ ሲጽፍ ይቆይና የእመቤታችን ስም ወይም የጻድቅ ስም ሲደርስ፣ ምዕራፍ ሲከፈትም፣ ቀዩን ያነሳል። ያ ቀይ ለጌጥ ብቻ አይደለም። «ይህ ስም ነው»፣ «እዚህ ጋ ይጀምራል» እያለ ለአንባቢው ይናገራል። ታግም የሚለው ይህንኑ ነው። ለጸሐፊው ግን ብዕር መቀየር ብቻ ይበቃው ነበር።

ምስላዊ የኤክስኤምኤል ኤዲተር ያንን ብዕር ይመልሳል። ቅንፎቹ አይታዩም። የኔታ የሚያዩት ገጹን ነው፤ ንባቡ ጎላ ብሎ፣ ፍቹ ገባ ብሎ፣ ስሙ በቀይ። «አንድም» የሚል ቁልፍ ሲጫኑ አዲስ የፍች ቦታ ይከፈታል። ታጉን ከሥር የሚጽፈው ኤዲተሩ ነው፤ ስላሹንም የሚያስገባው እሱ ነው።

ኤክስኤምኤል እኛን ያሰበን ዘግይቶ ነው። ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999። በዚህ የተነሳ ጽሑፉ አማርኛ መሆን ይችል ነበር፣ የታጉ ስም ግን በግእዝ ፊደል አይፈቀድም ነበር። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 ይህን ቢፈታም ብዙ ፕሮግራሞች አልተከተሉትም። ዋናው 1.0 የተስተካከለው በ2008፣ በአምስተኛው እትሙ ነው። ዛሬም ቲኢአይ (TEI) የሚባለው፣ ምሁራን ጽሑፍን ለኮምፒውተር የሚያዘጋጁበት ደረጃ፣ ታጎቹ እንግሊዝኛ ናቸው። ይህን እንቀይር አልልም። የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የኢትዮጵያን ብራናዎች የሚመዘግበው በዚሁ ደረጃ ነው፤ ከእነሱ ጋር መናበብ አለብን። ጥሩ ኤዲተር ግን ከሥር የእንግሊዝኛውን ስም ይዞ ላዩ ላይ «ንባብ»፣ «ትርጉም»፣ «ሐተታ» ብሎ ያሳያል።

ኤዲተሩን ከድረ ገጹ ሥርዓት ጋር ማዋሃድ ሲባል ገጹ ላይ አንድ መስኮት መለጠፍ የሚመስላቸው አሉ። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ኪቦርዱን እንይ። ብዙዎቻችን «ለ»ን የምንጽፈው በሁለት ቁልፍ ነው፤ መጀመሪያ «ል» ይወጣል፣ ከዚያ ወደ «ለ» ይለወጣል። አንዳንድ ኤዲተር እያንዳንዷን ቁልፍ መሀል ገብቶ ይቀማል። ያኔ «ል» እንደቆመች ትቀራለች፣ ሁለተኛዋ ቁልፍ ደግሞ ሌላ ፊደል ሆና አጠገቧ ትወጣለች። ከሞከርናቸው አንዱ «ለሰው» የሚለውን ቃል እንኳ አላስጽፍ ብሎናል። በእንግሊዝኛ ብቻ የፈተነ ሰው ይህን መቼም አያየውም።

«ረዳት» ነኝ ብሎ ፊደል የሚያርምም አልፈልግም። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ ተገለጠ ማለት ነው። «ሰረቀ» ግን ያው ሌብነት ነው። የኔታ የጻፉት «ሠ» እንደተጻፈ ይቀመጥ። ከወርድ፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የድሮ ፎንት የተጻፈ ነገር ሲለጠፍም፣ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመግባቱ በፊት ኤዲተሩ ያስቁመው።

ከዚያ የመብራት መጥፋት አለ። እዚህ ከተማ የሚሠራ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኤዲተሩ ያልተላከውን ጽሑፍ ብራውዘሩ ውስጥ ይያዝ፣ መስመር ሲመለስ ለሰርቨሩ ያስረክብ። አንድ ሰው ሲጽፍ ሌላው እንዳይነካው ፋይሉን መቆለፍም ጥሩ ነው። ግን መብራት ጠፍቶበት የሄደ ሰው ቁልፉን ይዞ እስከ ሰኞ እንዳያስጠብቀን የጊዜ ገደብ ይኑረው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ያላለቀ ጽሑፍ ሴቭ መሆን አለበት። ሰው ሲጽፍ መሀል ላይ ጎዶሎ ነው፤ ትርጉሙን ነገ ሊጨምር ይችላል። ጥብቁ ፍተሻ ጽሑፉ ሊወጣ ሲል ይሁን። የሚመጣው መልእክትም በአማርኛ፣ «እዚህ ጋ ንባቡ ትርጉም የለውም» የሚል ይሁን።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ኦክስጅንና ፎንቶ የሚባሉት የታወቁት ኤዲተሮች በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዙት። የካናዳ ተመራማሪዎች የሠሩት ሊፍ ራይተር ነፃ ነው፤ ብራውዘር ላይ ይሠራል። ከእኛ ኪቦርድና ከእኛ ስያሜዎች ጋር ለማስማማት ግን ሰው ቁጭ ብሎ መሥራት አለበት። የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ለሚፈልግ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አላውቅም።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ልትገዙ ወይም ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሻጩ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ባሳያችሁ ብቻ አትፈርሙ። አንድ መምህር ጋብዙ። አንድ ገጽ ንባብ ከነትርጉሙ፣ ከነአንድምታው ይጻፉ። መሀል ላይ የኮምፒውተሩን ሶኬት ንቀሉ። መልሳችሁ ክፈቱት። የጻፉት እዚያው ካለ፣ ስለ ዋጋ ያኔ ተነጋገሩ።