የወታደር መኪና ያለ ወታደር

ከሠራዊት የወጣ መኪና ልግዛ ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ብዙ ነው። ወሬው ሁሌም የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፦ «ይሄ እኮ ለጦርነት የተሠራ ነው፤ አይበላሽም።» ቀጥሎ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ፎቶ ይመጣል። መኪናው የ40 ዓመት ነው፤ የተነዳው ግን 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ። እኔም ልቤ ይሸፍታል። እነዚህን መኪኖች እወዳቸዋለሁ። ይሄን የምጽፈውም ስለምወዳቸው ነው። «አይበላሽም» የሚለው እምነት ሰውንም መኪናውንም ሲጎዳ አይቻለሁ።

የወታደር መኪና ይበላሻል። ግን ሠራዊት ቤት እያለ የሚጠብቀው ሰው አለው። ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት፣ መንገድ ላይ እና ከተመለሰ በኋላ ምን ምን ማየት እንዳለበት በመመሪያ ተጽፎ ተሰጥቶታል። ከሾፌሩ ኋላ መካኒክ አለ። ከመካኒኩ ኋላ የመለዋወጫ መጋዘን አለ። የመኪናው ጥንካሬ ግማሹ ከብረቱ፣ ግማሹ ከዚህ ሥርዓት የመጣ ነው። ሲሸጥ ግን የሚመጣው ብረቱ ብቻ ነው። ሾፌሩም፣ መካኒኩም፣ መጋዘኑም አንተው ትሆናለህ።

ስለ ቆጣሪው ላንሳ። 20 ሺህ ኪሎ ሜትር በ40 ዓመት ማለት መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ነው ያሳለፈው ማለት ነው። መቆም ደግሞ ብረትን ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል፤ ጎማና ላስቲክ ግን ይጨርሳል። የጎማውን ጥርስ አይተህ አትመን። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያለውን ቁጥር ፈልግ። ከ2000 ወዲህ (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በተሠራ ጎማ ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግሩሃል። 2304 ካለ በ2004 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካየህ ደግሞ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየር።

ጎማ እንኳ ይታያል። የማይታየው ይብሳል። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ መኪና ገዝቶ አብረን ወጣን። ቀለሙ ያምራል፣ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን መኪናው መክበድ ጀመረ። ከኋላ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ወርደን የግራውን የኋላ ጎማ ስናይ ታምቡሩ፣ ማለትም ፍሬኑ የሚይዝበት የብረት ከበሮ፣ ግሏል፤ ውኃ ጠብ ስናደርግበት ቺስ አለ። ጎማውን ፈትተን የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈውን ላስቲክ ቱቦ አወጣን። ከውጭ አንዲት ስንጥቅ የለውም። ቆርጠን ስናየው ውስጡ አብጦ ቀዳዳው ሊደፈን ደርሷል። ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ በግፊት ያልፋል፤ እግር ሲነሳ ግን መመለሻ የለውም። ስለዚህ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። ያን ቀን ቁልቁለት ላይ ብንሆን ኖሮ ምን እንደሚፈጠር ማሰብ አልፈልግም።

በተለይ በድሮዎቹ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ኤም 35 ኤ 2 የሚባለው የአሜሪካ የጭነት መኪና ባዶውን ወደ ስድስት ቶን ይጠጋል። የፍሬን ዘይቱ መስመር ግን አንድ ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ የሁሉም ጎማ ፍሬን ይሄዳል። የፍሬን ዘይቱም የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳታረጋግጥ አትጨምር። የአሜሪካ ሠራዊት ከ1980ዎቹ ወዲህ ዶት 5 የሚባለውን የሲሊኮን ዘይት ይጠቀማል፤ ከተለመደው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ጋር አይቀላቀልም።

ኤሌክትሪኩ ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዘው። ሰው ሬዲዮ ሊያስገባ ይፈልግና ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ይስባል። አንዱ ሁልጊዜ ይራባል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ ግዛና ተገላገል።

ከሁሉም ልቤን የሚወስደው ኡኒሞግ 404 የሚባለው የጀርመን የጭነት መኪና ነው። ከ1955 እስከ 1980 ተመርቷል። አክስሉ ከጎማው መሐል ጋር እኩል አይደለም፤ ከፍ ብሎ ያልፋል። እያንዳንዱ ጎማ ጋ ያሉ ጥርሶች ኃይሉን ወደ ታች ያወርዱታል። ድንጋይ ከሥር የማይነካው ለዚህ ነው። እንዴት ያለ ብልህ አሠራር ነው! ግን አራቱም ጎማ ጋ የየራሱ ዘይት አለ። ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍሉት ሁለቱ ዲፈረንሻሎች ሲጨመሩ ስድስት ቦታ ይሆናል። ወንዝ ከተሻገርክ በኋላ የስድስቱንም የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ላላ አድርገህ እይ። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ያኔውኑ ካልቀየርከው ኩሽኔታው ዝጎ ያልቃል።

ሰው ግን መጀመሪያ የሚገዛው መብራትና ትልልቅ ጎማ ነው። በዚህ አልስማማም፤ ለማንም ፊት ለፊት እናገራለሁ። የመጀመሪያው ገንዘብ ለፍሬን ቱቦዎች፣ ለፍሬን ሸራና ለጎማ ይውጣ። ሁለተኛው ለጥገና መመሪያው። የሠራዊት መመሪያ ከቤት መኪናው መጽሐፍ በጣም ይሻላል። ሞተር ፈትቶ ለማያውቅ ወጣት ወታደር ተብሎ ስለተጻፈ እያንዳንዱን ቡሎን በሥዕል ያሳይሃል። ቸርኬው ቀለበት ያለው፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራጭ የተገጠመ ከሆነ ግን መመሪያም አንብበህ ራስህ አትንካው። ንፋስ እየተሞላ ቀለበቱ ቢፈናጠር ሰው ይገድላል። የብረት ማቀፊያ ላለው ጎሚስታ ስጠው።

ጓደኛዬ መኪናውን አልሸጠውም። የፍሬን ቱቦዎቹን ሁሉ ቀይሮ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይነዳዋል። ሲቆም ወዲያው ወደ ቤት አይገባም። ዞሮ በአራቱም ጎማ መዳፉን ሳያስነካ ጠጋ እያደረገ ሙቀታቸውን ያነጻጽራል። ባለፈው የፊቱ ቀኝ ትንሽ ሞቅ ብሎበት እስኪመሽ ፈትቶ ሲያየው ቆየ።