ጥበብን በብር የማያዋርድ ሕዝብ

ወሎ ላይ የጥበብ ሰው ሆኖ መኖርን የመሰለ ነገር የለም፣ ወላሂ። ሌላ ሀገር ሰዉ ስራሽን ያያል፣ ይከፍልሻል፣ ደረሰኝ ይቆርጥልሻል፣ አለቀ፣ ምን ፍቅር አለው እሱ? ደረቅ ነገር። እኛ ጋ ግን ትመረቂያለሽ። "እደጊ ተመንደጊ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ከክፉ አይን ይጠብቅሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ" ይባልልሻል፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ አሚን ግማሹ አሜን ይላል፣ አንቺም አሜን ብለሽ ላፕቶፕሽን አጥፈሽ በጦሳ ተራራ ብርድ እየተመታሽ ወደ ቤት። ብር ያልቃል፣ ምርቃት አያልቅም። እኔ እስከዛሬ የሰበሰብኩት ምርቃት ባንክ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ተክያለሁ።

ስራዬን ለማታውቁ፣ ዲዛይን እሰራለሁ፣ ቪዲዮ እቆርጣለሁ፣ እፅፋለሁ፣ አንዳንዴ ደሞ ዜና ነገር እየሰራሁ ለሚዲያ እልካለሁ። ጎረቤቶቻችን ይሄን ሁሉ ባጭሩ "ስራ እስክታገኝ ኮምፒውተር ላይ ናት" ይሉታል።

ከስራዎቼ ሁሉ የምወደው ባነር ነው፣ ምክንያቱም የሕዝባችንን ጥበብ አክባሪነት እንደ ባነር የሚያሳይ የለም። ደሴ ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ አንድ የተከበሩ ሰውዬ መጡ፣ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው። ባነሩ በካሬ ስንት እንደሆነ ጠየቁ፣ ተነገራቸው፣ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ከፈሉ። ፍሬሙን ከፈሉ። ሽቦውን ከፈሉ። መሰላል ላይ ወጥቶ ለሚሰቅለው ልጅ ቀብድ ሰጡት፣ ኧረ የሻይም ጨመሩለት። ከዛ ወደኔ ዞረው "ዲዛይኑን እንግዲህ አንቺ ታስገቢበታለሽ የኔ እናት፣ አንዲት በግና አንዲት ፅሁፍ ናት" አሉኝ። አንዲት በግ!

በጓን ሰራኋት። መነፅራቸውን አወለቁና ስክሪኑን ሊስሙት እስኪመስል ተጠግተው ዝም አሉ። "ይቺ የኛ በግ አይደለችም" አሉ። ምነው ጋሼ? "ላቷ የታለ? ይሄ እኮ ጭራ ነው ልጄ፣ ጭራ ያለው የፈረንጅ በግ ነው፣ የኛ በግ ላት ነው ያለው፣ ሰፋ ብሎ ጫፉ ላይ ወደላይ ቀና የሚል።" አስተካከልኩ። "ፀጉሯ በዛ።" ቀነስኩ። "አሁን ደሞ ፊቷ አዘነ፣ መታረዷን ያወቀች መምሰል የለባትም፣ የሚበላ ሰው ይከፋዋል።" እዚህ ጋ እጄን ሰጠሁ፣ ምክንያቱም ሰውየው ልክ ናቸው፣ ሦስቱም ላይ ልክ ናቸው፣ እኔ ስንት የዲዛይን ቪዲዮ አይቼ ያልተማርኩትን ነው ቆመው የነገሩኝ። ባነሩ ሲሰቀል በጓ እንዴት እንደምታምር አትጠይቁኝ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል።

እና የኛ ሰው ጥበብ አይገባውም የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። እንዴት አይገባውም? በደንብ ስለገባው እኮ ነው የማይከፍለው። ፕላስቲኩ ከውጪ የመጣ እቃ ነው፣ ሜትር ይገባለታል፣ በካሬ ይከፈልበታል፣ ማንም ቅር አይለውም። የላቷ ጫፍ ቀና ማለት ግን በምን ይለካል? "ለላቷ ይሄን ያህል ብር" ብሎ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ራሱ ነውር አይደለም እንዴ? ነውር ነው፣ ስለዚህ አልጠየቅኩም፣ ተመረቅኩ። በዛ ላይ "ለፕሮሞሽንም ይሆንሻል" ብለውኛል፣ ደሞ ሆነልኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሰውዬ በጓን አይተው በሬ በነፃ ሊያሰሩ መጡ።

ወጣቱማ ተሻሽሏል፣ እሱ መጀመሪያ በቻትጂፒቲ ሰርቶ ነው የሚመጣው። "ሁሉም አልቋል፣ ፊደሉን ብቻ አስተካክይልኝ" ይላል፣ ስትከፍቺው ከላይ እስከታች ግዕዝ የሚመስል ግን የማንም ሀገር ያልሆነ ፊደል ተደርድሮበታል። ፊደል ብቻ ስለሆነ ደሞ አይከፈልበትም።

ይሄ ባህል ደሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ታሪካዊ መሰረት አለው። የሀገሪቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው አይደል? ባቲ የኛ ገበያ ነው፣ አምባሰል የኛ ተራራ ነው፣ የቀሩት 2 ላይም ማንም ይምጣ እንከራከራለን። እንግዲህ ቅኝቱን ያዋጣ ሕዝብ ዘፈኑን በብር ይግዛ? የማሪቱ ለገሰ ሀገር ልጅ ሙዚቃ ከቴሌግራም በነፃ ሲያወርድ የቤቱን እቃ ወደ ቤቱ እየመለሰ ነው እንጂ ሌላ ምን አደረገ? ማሲንቆ መቺው ግንባር ላይ ብር እንለጥፍ የለም ወይ የሚለኝ ይኖራል፣ እንለጥፋለን፣ እሱ ግን ሰው እያየን ነው፣ ቪዲዮም እየተቀረፀ ነው። (ቪዲዮውን የሚቀርፀው ልጅ ግንባር ላይ የለጠፈ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም፣ ግንባር ግን እሱም አለው።)

ከጥበብ ሰው ሁሉ ይሄ ጨዋታ ቀድሞ የገባቸው ላሊበሎቹ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ይቆማሉ፣ የአባወራውን ስም ከጎረቤት አጣርተው ስሙን እያነሱ እያሞገሱ ያዜማሉ፣ ሳትሰጫቸው አይሄዱም። ከሰጠሽ ይመርቁሻል፣ ካልሰጠሽ... እሱን ተይው፣ ሰጥቶ መገላገል ነው የሚሻለው። አሰራሩን እዩልኝ እስኪ፣ ደንበኛው ሰበብ ሳያዘጋጅ በእንቅልፍ ልቡ ይያዛል፣ ክፍያው እዛው በሩ ላይ ነው፣ ምርቃቱ ደሞ ከባለሙያው ወደ ደንበኛው ነው የሚሄደው። እኛ ዲግሪ ይዘን ምርቃቱን በተቃራኒው መስመር እየተቀበልን ነው።

መፅሀፍም ያው ነው። አንዲት ጓደኛዬ ተበድራ ግጥሟን ስታሳትም መጀመሪያ የደረሳት መልእክት "እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ጀግና፣ ፒዲኤፉን ላኪልኝ፣ ካንቺ ካላገኘሁ ከማን ላገኝ ነው" የሚል ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እኮ ደራሲዋን በሕይወት እስካለች፣ ከሞተች በኋላ ደሞ ሌላ 50 ዓመት እጠብቃታለሁ ይላል። እሷ በሕይወት እያለች ያላገኘችውን ብር ልጆቿ ደሞ 50 ዓመት ሙሉ አያገኙትም ማለት ነው። የደሴ ሙዚየምስ ቢሆን፣ ያ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው፣ በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ሲዘረፍ አይደል እንዴ ብዙዎቻችን ሙዚየም እንዳለን ያወቅነው? ግን የዛን ሰሞን የተቆጣነው ቁጣ! ገብተን የማናውቅበትን ቤት ነው እንደዛ የምንወደው።

ጋዜጠኛ ላይ ስንመጣ ደሞ የኛ ሰው አክብሮት ልዩ ነው፣ ምክንያቱም ካሜራ ምን እንደሚሰራ እንደ ወሎ ሰው የሚያውቅ የለም። በ1965 ሕዝቡ በረሃብ መንገድ ዳር ሲረግፍ መንግስት ወሬው እንዳይሰማ ሲደብቅ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው አይተው ፎቶ ይዘው ተመለሱ። ከዛ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከነካሜራው መጣ፣ የቀረፀው ነገር ጥቅምት 1966 እንግሊዝ ሀገር በቴሌቪዥን ታየ፣ እርዳታ መጣ፣ ጉዱም ወጣ። ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተመንግስት ድግስ ጋር እያቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። በ11 ዓመቱ ጥቅምት 1977 ደሞ ቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሀመድ አሚን፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ኮረም ሆነው ያሳዩትን ዓለም አይቶ አለቀሰ፣ እህል በአውሮፕላን መጣ። እንግዲህ በአንድ ትውልድ እድሜ ሁለቴ ካሜራ የደረሰለት ሕዝብ፣ የአያቱ ሞት የተሰማው ሰው ስለቀረፀው የሆነ ሕዝብ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ካሜራ ይዛ የቆመች ልጅ ሲያይ ምን ይላል?

"ማነው የላከሽ?" ይላል።

ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ "ስንት ተከፍሎሽ ነው?" ይመጣል፣ እሱም ተገቢ ነው፣ እኔም መልሱን ባውቀው ደስ ይለኛል። ደሞ ይሄው ሰው ነው ማታ "ይሄ ሁሉ ሲሆን ሚዲያው የት ሄደ? ጋዜጠኛ የለም እኮ በዚህ ሀገር!" ብሎ ፖስት የሚያረገው።

ሕዝቡ ራሱ ጋዜጠኛ ስለሆነ ግን ብዙም አልተጎዳም፣ አብሽሩ። የኛ ሰፈር የዜና ክፍል ቡና ላይ ነው የሚሰበሰበው። አቦል ላይ የወልዲያ መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ አንዱ ቲክቶክ ላይ አይቶ ነው። ቶና ላይ መንገዱ ተከፍቷል ግን መኪና አያሳልፉም ይሆናል። በረካ ሲወርድ የተዘጋው የወልዲያ ሳይሆን የባቲ መንገድ ሆኖ ያርፋል፣ እጣኑ ሳያልቅ ሰው በየስልኩ "ሰበር" ብሎ ልኮታል። እኔ ሞኟ የራሴን ካርድ ሞልቼ መንገድ ላይ ያለ ሹፌር ጋ ደወልኩ፣ መናኸሪያ ደወልኩ፣ አንድ ሀይቅ ያለ ዘመድ ጋ ደወልኩ፣ አጣርቼ "ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው" ብዬ ፃፍኩ። ላይክ ያረጉት ዘመዶቼ ናቸው። አንድ ሰው ብቻ ኮሜንት ፃፈ፣ "ይሄም ዜና ሆኖ ነው?" ብሎ። እውነቱን ነው፣ ክፍት መንገድ ምን ዜና አለው፣ ስንት ሰው ሸቀጡን ይዞ ሳይቀር ቀረ እንጂ።

አሁን ደሞ የጥበብና የሚዲያ ሰው ክብር ከፍ እንዲል ትልቅ ፕሮግራም ነበረ፣ ያዘጋጀውን መስሪያ ቤት ስም አልጠራም፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ርእሱ ኪነጥበብና ጋዜጠኝነት ለሀገር ያላቸው ዋጋ ምናምን ነው። ድንኳን ተከራዩ፣ ከፈሉ። ሳውንድ ሲስተም አስመጡ፣ ከፈሉ። ኮፍያና ቲሸርት አሳተሙ፣ ቡናና ቆሎ አቀረቡ፣ ከፈሉ። ማሲንቆ መቺው "መድረክ እንሰጥሃለን" ተባለ፣ ገጣሚዋ "ራስሽን ታስተዋውቂበታለሽ" ተባለች፣ ጋዜጠኞቹ ኮፍያውን ደፍተው ሽፋን ሰጡ። የጥበብ ባለሙያው የላቡን ማግኘት አለበት የሚል ጥናት ያቀረቡት ምሁር ከመድረክ ሲወርዱ አበላቸውን ፈርመው ወሰዱ፣ እሳቸውን እንኳ አልጠላኋቸውም፣ ጥናቱ ጥሩ ነበር፣ አጨብጭቤያለሁ።

ማሳረጊያው ላይ ለኛ ለበጎ ፈቃደኞቹ የምስጋና ሰርተፍኬት ተሰጠ። ስሜ ተጠራ፣ ወጣሁ፣ ተጨበጥኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ። ሰርተፍኬቱን ዲዛይን ያረግኩት እኔው ነኝ፣ ያው በነፃ፣ ጠርዙ ላይ ያለችው የወርቅ ቀለም ጥለት ብቻ ሌሊቱን ነው ያሳደረችኝ። ስም የሞላው ግን ሌላ ሰው ነው፣ የኔን "ለአቶ" ብሎ ጀምሮታል።