ከንፈር መምጠጡን እንተወው

ወገኖቼ፣ ዛሬ ባለሥልጣን ልወቅስ አልመጣሁም። ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው፤ ከራሴም ጭምር። በረንዳ ላይ የተኛ ሰው ስናይ ከንፈራችንን እንመጥጣለን፣ ሳንቲም ጣል እናደርጋለን፣ እናልፋለን። ሳንቲሙም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለእሱ ሳይሆን ለኅሊናችን ማስተኛ ነው።

አንድ ማለዳ ቆም ብዬ ያየሁት ሰው ጫማውን ተንተርሶ፣ ማሰሪያውን አንጓው ላይ ጠምጥሞ ተኝቶ ነበር። እንዳይሰረቅበት ነዋ! ሌሊቱን ዕቃውንና ነፍሱን ሲጠብቅ ያደረውን ሰው ረፋድ ላይ ተኝቶ ስናገኘው ግን «ሰነፍ» እንለዋለን። ሥራ ለምን አይፈልግም ትላላችሁ። ለመቀጠር መታወቂያ ይጠየቃል፣ መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ይጠየቃል። አድራሻው የትኛው በረንዳ ነው ብሎ ይሙላ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ «መጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ መጀመሪያ ይታከም፣ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» የሚለው ፈራጅነታችን ነው። እኛ ስንታመም ቤታችን ተኝተን ነው የምንድነው፤ እሱ ግን አስፋልት ላይ ድኖ እንዲመጣ እንፈልጋለን። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ ሳም ሰምቤሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው፤ የቤቱ ቁልፍ ቀድሞ ይሰጣል፣ ሐኪሙና አማካሪው ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአምስት ከተሞች ወደ 2000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ሞከረችው። በጥናቱ የመጨረሻ ስድስት ወራት ቁልፍ ከቀደመላቸው 62 በመቶው ሙሉ ጊዜውን በቤታቸው አሳለፉ፤ በተለመደው መንገድ ከታገዙት ግን 31 በመቶው ብቻ። ሁሉም አልተሳካላቸውም፣ እሱን አልደብቅም። ግን እጥፍ ነው። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ይህንኑ ይዛ የጅምላ መጠለያዎቿን ወደ መኖሪያ ቤት ቀየረች፤ ሄልሲንኪ ውስጥ 250 አልጋ የነበረው አንዱ መጠለያ ታድሶ ወደ 80 ገደማ አፓርታማ ሆነ። የአልጋው ቁጥር ቀነሰ፣ የራሱን በር የሚዘጋ ሰው ግን ተገኘ።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው እንዳትሉኝ። ቤቱ የሚሠራው የሆነ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሰፈሩ ደግሞ እኛ ነን። ባዶ ክፍል ያላችሁ፣ ኪራዩን ዋስ ሆኖ የሚከፍል ማኅበር ሲመጣ «እነሱን አላስገባም» ማለቱን ተዉ። ሱቅ ያላችሁ፣ ደብዳቤው በእናንተ አድራሻ ቢመጣለት፣ ሻንጣውን ለአንድ ቀን ብታስቀምጡለት አትከስሩም። አሮጌ ኮት ከመቆለል በፊትም ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ደረቅ ካልሲ ነው፤ በርጥበት ውሎ ያደረ እግር ይቆስላልና። ገብቶ ከተቀመጠም በኋላ ሰላም በሉት፤ አራት ግድግዳ መካከል ለብቻ መቅረት ስንቱን ወደ ጎዳና መልሷል።

«ይሠራላቸው፣ ግን እዚህ አይሁን» የሚለውን አነጋገር በደንብ አውቀዋለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ሊሠራ የታሰበውን ቤት የሚቃወም ወረቀት ሲዞር ጎረቤቶቼ ፈርመው ስላየሁ ሳላነብ ፈረምኩ። ቆይቶ ከነከነኝና ስሜን ላሰርዝ ሄድኩ። ግንባታው ቀድሞ ተሰርዞ ነበር።