እመለሳለሁ ብል የሚያምነኝ ጠፋ

ጎበዝ፣ ካናዳ ሄዶ መመለስ ነውር ሆኗል እንዴ? የምሬን ነው የምጠይቀው።

እህቴን ጠይቄ፣ አገር አይቼ፣ የዓመት ፈቃዴ ሳያልቅ ወደ ሥራዬ ልመለስ አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ወገን ተወጥሬያለሁ። ቪዛ የሚሰጡት «እንደምትመለስ አሳምነን» ይላሉ። የገዛ ሰዎቼ ደግሞ «ልትመለስ? ጤና የለህም እንዴ?» ይላሉ። ጉብኝት የሚባል ነገር መኖሩን የሚያምን አንድ ሰው አጣሁ።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው። ማመልከቻው 100 የካናዳ ዶላር፣ አሻራና ፎቶው 85፣ በድምሩ 185። ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። መመለስ ያለብኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ጉዱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ካርታ፣ ሊብሬ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የልጆች የልደት ሰርተፊኬት። አማርኛ የሆነው ሁሉ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይተርጎም ይላል። እሺ፣ ይተርጎም። እኔ የተወለድኩት ሐምሌ 30 ነው። በፈረንጅ ኦገስት 6 መሆኑ ነው፤ ፓስፖርቴም እንደዚያው ይላል። ትርጉም ቤቱ ግን 30/11 ብሎ አወጣው። ሐምሌ በኛ 11ኛ ወር ነዋ! ዓመቱን ደግሞ ወደ ፈረንጅ ቀይረውታል። ቀንና ወሩ የኢትዮጵያ፣ ዓመቱ የአውሮፓ። ካናዳ ቢሮው ተቀምጦ የሚያነበው ሰው ኖቬምበር 30 ነው የሚለው። «ምን ችግር አለው፣ እነሱ ይገባቸዋል» አለችኝ ማህተም የምትመታው ልጅ። ማንኛቸው ናቸው የሚገባቸው? ጳጉሜን የማያውቅ ሰው ሐምሌን በምን ያውቃል? ለማስተካከል እንደ አዲስ አስከፈሉኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ ሲስተም የለም።

ስም ላይ ስትደርሱ ይብሳል። እህቴ እዚያ የምትጠራው በአባታችን ስም ነው። የእኔ ፓስፖርት ደግሞ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ላይ ያያታችንን ስም ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ በነሱ ዓይን የአንድ እናትና አባት ልጆች ሆነን የማንገናኝ ሰዎች ነን። ሚስቴም በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፤ እሷም ባዳ ሆነች። «እኛ አገር ሰው በራሱ፣ ባባቱና ባያቱ ስም ይጠራል፤ ሚስት ባሏ ስም ውስጥ አትገባም» የሚል ማብራሪያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ማስተርሴን ስሠራ እንኳ እንዲህ ተጨንቄ አልጻፍኩም።

ከዚያ የቤተሰብ ፎርም የሚባል አለ። ወላጆችህን፣ ልጆችህን፣ ወንድም እህቶችህን በሙሉ ዘርዝር፤ የት እንደሚኖሩ፣ ሥራቸው ምን እንደሆነ ግለጽ ይላል። አንዱ ወንድሜ ሥራው ምን እንደሆነ እኛም ቤተሰቦቹ አናውቅም። ደውዬ ስጠይቀው «ቢዝነስ በል» አለኝ። ምን ዓይነት ቢዝነስ? «በቃ ቢዝነስ።» ተጻፈ።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ቪዛ የተከለከለ ሰው ቴሌግራም ላይ ደብዳቤውን ሲለጥፍ አይታችኋል። ቆይታህ ሲያበቃ ካናዳን ለቀህ ትወጣለህ ብዬ አላመንኩም ይላል፤ የኢሚግሬሽን ደንባቸውን ቁጥር 179 ይጠቅሳል። ባገራችን ከአንቀጽ 39 ቀጥሎ በቁጥሩ የሚታወቅ ሕግ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቶቹም የታወቁ ናቸው። የቤተሰብ ሁኔታህ፣ የጉዞህ ዓላማ፣ የገንዘብ አቅምህ። የገንዘብ አቅም ሲሉ ደግሞ፣ በሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሂሳቤን ወደ ካናዳ ዶላር ስቀይረው እኔም ራሴን ማመን ያቅተኛል። እዚህ ሀብታም ባልሆንም ደህና ነኝ። እዚያ ሲመነዘር ግን ለታክሲ የተበደርኩ ነው የምመስለው።

«ብር ላበድርህ፣ ለጥቂት ሳምንት ደብተርህ ውስጥ ይቀመጥ» ያለኝ ወዳጅም አለ። አመሰግናለሁ፣ ግን ይቅር። የመንግሥት ሠራተኛ ሂሳብ ውስጥ ድንገት ሚሊዮን ሲገባ ማንም ያያል።

እውነቱን ለመናገር ቪዛ ሰጪዎቹን ያን ያህል አልወቅስም። ሄዶ የቀረ ብዙ ነው። ለኮንፈረንስ የሄደ ቀርቷል፣ ለስፖርት የሄደ ቀርቷል። ምክንያት ያለውም አለ፤ በሕይወቱ የሚሰጋ ሰው ቢቀር ማን ይፈርዳል? ቢሮው ቁጭ ያለው ሰው እኔን አያውቀኝም። መጠርጠር ሥራው ነው።

የሚያናድዱኝ የሚያውቁኝ ናቸው።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ልጠይቅ ሰው ሀብት ክፍል ሄድኩ። ኃላፊዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «የፈቃድ ነው ወይስ የመልቀቂያ?» አለችኝ። የፈቃድ። «እሺ፣ እኛም እንደሱ እንጽፋለን» ብላ ጠቀሰችኝ። በዓይኗ! አጠገቧ ያለው ልጅ ወንበሬን ከወዲሁ እየለካው ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ሚስቴን ለብቻዋ ጠርታ «ፍሪጁን ለሌላ ሰው እንዳትሸጡብኝ፣ አደራ» ብላታለች። ሚስቴና ልጆቼ እዚሁ ናቸው እኮ! ይህን ስላቸው መልሱ አንድ ነው። «ምናለበት፣ ቆይተህ ታስመጣቸዋለህ።» ልጆቼ ለኤምባሲው የመመለሻ ማስረጃ ናቸው፤ ለጎረቤት ደግሞ በኋላ የሚላክ ዕቃ።

እናቴን አታንሱብኝ። ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች። ቪዛው እንዲመታልኝ መስሎኝ «እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» ስል፣ ለካ ስለቱ እዚያው እንድቀርላት ኖሯል። እኔ ልመለስ ወረቀት እሰበስባለሁ፣ እሷ እንድቀር ጃንጥላ ትሳላለች። አጎቴ ደግሞ እቅድ አውጥቶልኛል። «ሲያስገቡህ 6 ወር ይሰጡሃል። በዚያ ውስጥ ጠበቃ ትይዛለህ፣ አሳይለም ትላለህ።» ጋሼ፣ ምን ደረሰብኝ ብዬ? «ይፈለጋል፣ አይጠፋም» አለኝ።

የመጀመሪያው ሐሳብ እኮ ክርስትና ነበር። የእህቴ ልጅ ሴት ናት፣ በ80 ቀኗ ነው የምትነሳው። ፎርሙን ስንሞላ፣ ወንድሜን ሥራውን ስንለምን፣ ሐምሌን ከኖቬምበር ስናስታርቅ 80ው ቀን አለፈ። ክርስትናዋን በቪዲዮ አየሁ፤ ኔትወርኩ የቆመው ልክ ቄሱ ሲያጠምቋት ነው። አሁን ለአንደኛ ዓመት ልደቷ ብለን ነው የምንሞክረው።

ደግሞ እዚያ ያሉት ዘመዶች! ቪዛ የለኝም፣ ትኬት የለኝም፣ መርሐ ግብሬ ግን ሞልቷል። እህቴ ያለችው ቶሮንቶ ነው። ያክስቴ ልጅ ኤድመንተን ናት። «እግረ መንገድህን ብቅ ትላለህ» ትለኛለች። እግረ መንገድ! ካናዳ ከሩሲያ ቀጥሎ የዓለም ሁለተኛው ሰፊ አገር ነው። ስድስት የሰዓት ክልል አለው። ከቶሮንቶ ኤድመንተን በአየር እንኳ ከአዲስ አበባ ካይሮ ይርቃል። በአውሮፕላን 4 ሰዓት ገደማ ነው። ቫንኩቨር ያለው የሰፈሬ ልጅ ደግሞ «በባቡር ና፣ አገሩን ታያለህ» አለኝ። አየሁት። ከቶሮንቶ ቫንኩቨር ባቡሩ አራት ሌሊት ይፈጃል። ወዳጄ፣ ፈቃዴ ባቡር ላይ ሊያልቅ ነው? ካልሄድኩ ግን «መጥቶ ሳያየን ሄደ» ይባላል። ልብ በሉ፣ እነሱም «ሄደ» የሚሉት ከከተማቸው ማለታቸው እንጂ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል ብለው አይደለም።

የእህቴ ባል ያወጣው ፕሮግራም ደግሞ ይኸውላችሁ። ቅዳሜ እገሌ ቤት ምሳ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እገሊት ቤት፣ ማታ ዳንፎርዝ የሚባለው ጎዳና ላይ ሐበሻ ምግብ ቤት ክትፎ። በማግስቱ የሱ ጓደኞች ቤት ቡና። ኧረ ባካችሁ! 185 ዶላር ከፍዬ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ክትፎ? ክትፎማ ሰፈሬ አለ። ካናዳ የብዙ ባህል አገር ነኝ ብሎ ፖሊሲ ያወጣው በፈረንጅ 1971 ነው፣ በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር በጀስቲን ትሩዶ አባት ጊዜ። በፈረንጅ 2021 የሕዝብ ቆጠራቸው ከመቶ 23ቱ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ደግሞ ግማሹ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስፓዳይና ላይ ቻይናዎቹ፣ ጀራርድ ላይ ህንዶቹ፣ እዚያው ዳንፎርዝ ላይ ከኛዎቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ግሪኮቹ። ሞንትሪያል ብትወጣ ፈረንሳይኛ ነው። የዓለም ሕዝብ በተሰበሰበበት አገር እኔ ከሐበሻ ሳሎን ወደ ሐበሻ ሳሎን እየተሸጋገርኩ «ብላ እንጂ» ስባል ልከርም ነው። የእህቴን ባል ስለ ናያግራ ፏፏቴ ጠየቅኩት። ከቶሮንቶ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ነው። «ውኃ ነው እኮ፣ ፎቶውን አይተኸው የለ?» አለኝ።

ብርዱን ተዉት። እሱን እንኳ ጃኬት ይፈታዋል።

ሻንጣውን ግን አልተውም። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቶሮንቶ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው። ቪዛዬ ገና ሳይመታ በርበሬው ቤቴ ገብቷል። ሳሎኔ ጥግ ተደርድሯል። ሽሮ አለ፣ በሶ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ነጠላ አለ። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ለማላውቃቸው ልጆቻቸው የላኩት ነው። ምግብ ይዞ የሚገባ ሰው ድንበር ላይ ማሳወቅ አለበት፣ ደብቆ ከተገኘ ቅጣት አለው። ቋንጣማ አይታሰብም። አንዷ እናት ቋንጣውን በበርበሬ ቀብረው አምጥተውልኛል፤ «እንዲህ ሲሆን አያዩትም» ብለው። አንዱ ደግሞ ሳያፍር «ለወንድሜ ትንሽ ቅጠል» አለኝ። ጫት ይዞ ካናዳ መግባት ወንጀል ነው። እሱ ግን «ደርቆ እኮ ሻይ ነው የሚመስለው» ይለኛል። እንግዲህ ቪዛው ቢሳካ እንኳ ቋንጣና ጫት ይዤ ቶሮንቶ ፒርሰን ኤርፖርት ሊያስይዙኝ ነው። ያኔ በርግጥ መመለሴ አይቀርም።

ጭራሽ የገረመኝን ልንገራችሁ። «እንዳትመለስ፣ ሞኝ አትሁን» ብሎ ሲመክረኝ የሰነበተው የሥራ ባልደረባዬ ትናንት ጠራኝና «ስትመለስ አይፎን ታመጣልኛለህ አይደል?» አለኝ። ጎረቤቴም ጫማ አዛለች፤ ቁጥር 39። ፍሪጄን የጠየቀችው ራሷ! አጎቴ መድኃኒት፣ ሌላው ላፕቶፕ። እንግዲህ ተስማሙ። ከቀረሁ አይፎኑን ማን ያምጣው? ከመጣሁ ፍሪጁ ለምን ይታሰባል?

ለማንኛውም አሻራ ሰጥቻለሁ፣ እየጠበቅኩ ነው። ኢንቦክስ እየመጣችሁ «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ክፈልና እናስመታልህ» የምትሉ፣ ውስጥ ሰው ቢኖራችሁ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? አትምጡብኝ። ሳሎኔ ካለው በርበሬ መሃል ደግሞ ስም ያልተጻፈበት አንድ ጥቁር ፌስታል አለ። ክብደቱ ሦስት ኪሎ ይሆናል፣ ሽታው የቂቤ ነው፣ ምንጣፉ ላይ መንጠባጠብ ጀምሯል። ባለቤቱ ዛሬ ማታ መጥቶ ይውሰድልኝ።