እኛ ለፈተናው ስንዘጋጅ ፈታኞቹስ ይዘጋጃሉ ወይ?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀን ከሌት ተዘጋጅቼ የተቀመጥኩበት የሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ፈተና ላይ፣ ለአንዱ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ከምርጫዎቹ ውስጥ አልነበረም። ነገሩ ከሆነ ሁለት ወር አልፎታል፤ ብስጭቱ ግን ዛሬም አልወጣልኝም።

ጥያቄ ቁጥር 14 ነው። የወር ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ስንት ብር የገቢ ግብር ይከፍላል ይላል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው 2,000 ብር 15 በመቶ፣ የቀረው 1,000 ብር ደግሞ 20 በመቶ ስለሚታሰብበት ድምሩ 500 ብር ይመጣል። ከምርጫዎቹ ውስጥ 500 የሚል የለም። ያለው 697 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ይህም ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በድሮው ማስከፈያ የሚገኝ ውጤት ነው። ፈተናውን ያወጣው ሰው የቆየ ወረቀት አውጥቶ ቀኑን ብቻ ቀይሮ አባዝቶታል ማለት ነው። እጄን አውጥቼ ተቆጣጣሪውን ብጠይቀው፣ «ያለውን ምረጪ፤ እኔን አይመለከተኝም» አለኝ። ስህተት መሆኑን እያወቅሁ 697.50ን አከበብኩ። ነገ ተቀጥሬ ይህንኑ ብሠራ ከአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ በየወሩ 197 ብር ከ50 ሳንቲም ያለ አግባብ እቆርጣለሁ። ለሥራው ብቁ መሆንሽን የምታሳዪው በዚህ ነው ተባልኩ።

አብሮኝ የተፈተነ የክፍሌ ልጅ ግን አንዱንም ሳያከብብ ከጎኑ 500 ብሎ ጽፎ ወጣ። እርሱ ለቃለ መጠይቅ አልተጠራም። በዚያ ጥያቄ ምክንያት ይሁን በሌላ ማንም አያውቅም፤ ውጤት የሚለጥፍም የሚነግርም የለምና።

እኛ እንዴት እንደምንዘጋጅ ፈታኞቹ ቢያዩ ደስ ባለኝ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና አልፈን ነው የመጣነው። ከዚያ በኋላ በየማስታወቂያው ሰሌዳና በየቴሌግራም ቻናሉ ስንዞር እንውላለን፤ ለፎቶ ኮፒና ለባጃጅ የምናወጣው ገንዘብ ከወላጅ ኪስ የሚወጣ ነው። ማታ ማታ ታላቅ ወንድሜ ፈታኝ ሆኖ ፊት ለፊቴ ይቀመጥና ይጠይቀኛል። በልምምድ ላይ ሳለሁ የገጠመኝን አንድ የባንክ ሒሳብ ልዩነት፣ ሁኔታው ምን እንደነበር፣ የእኔ ኃላፊነት ምን እንደነበር፣ ምን እንዳደረግሁና ምን ውጤት እንዳመጣ በቅደም ተከተል በሁለት ደቂቃ እስክናገረው ድረስ አስደጋግሞኛል።

ለቃለ መጠይቁ የተደወለልን ከቀኑ አንድ ቀን ቀድሞ፣ አመሻሽ ላይ ነው። ጠዋት 3፡00 ሰዓት ተብለን እዚሁ ሐዋሳ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቀው ቢሯቸው ተገኘን፤ ከዲላ በሌሊት ተነሥታ የመጣች ልጅ ቁርስ እንኳ አልቀመሰችም ነበር። የመጀመሪያው ሰው የተጠራው 6፡30 ላይ ነው። ስገባ ከአራቱ ፈታኞች አንዱ የትምህርት ማስረጃዬን ገና ያን ጊዜ ነበር የሚገልጠው። ሰብሳቢው በመካከል ስልክ አንሥተው ወጡ፤ ተመልሰው ሲገቡ ምን እየመለስኩ እንደነበር አልጠየቁም። ስለ ሒሳብ መዝጋት፣ ስለ ባንክ ሒሳብ ማስታረቅ (የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ስለ ማመሳከር)፣ አሠሪው 11 ሠራተኛው 7 በመቶ ስለሚያዋጡት ጡረታ አንድም ጥያቄ አልቀረበልኝም። «ስለራስሽ ንገሪን» ከተባልኩ በኋላ የቀረበልኝ፣ «ትዳር አለሽ? ልጅ የመውለድ ሐሳብስ አለሽ?» የሚል ነው።

ለምን እንደሚጠየቅ ይገባኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ ይሰጣታል፤ ድርጅቶች ይህን ወጪ አስቀድመው ያሰላሉ። ነገር ግን ያው አዋጅ ሴትን በፆታዋ ምክንያት ማግለልን ይከለክላል፤ ሕጉን ያወቀ ሰው ያንን ጥያቄ ከአፉ አያወጣም። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ወንድ ልጅ ስለ ትዳር አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው እኔ ማታ ማታ ስለተዘጋጀሁበት የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ነበር። ለአንዱ ይህ፣ ለሌላው ያ ከተጠየቀ በምን ተወዳድረን ነው አንዳችን የምንበልጠው?

ይህን ክፉኛ ስለተቆጣሁ የምናገረው አይደለም፤ የተጠና ነገር ነው። የሠራተኛ ቅጥርን የሚያጠናው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦለት በተወሰነ መመዘኛ ነጥብ የሚሰጥበት ቃለ መጠይቅ ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ተዛምዶ 0.42 ነው (0 ማለት ምንም ተዛምዶ የለም፣ 1 ማለት ፍጹም ተዛምዶ ነው)፤ እንደመጣ የሚጠየቅበት ግን 0.19 ብቻ። እንግዲህ እንደመጣ የሚጠይቅ ድርጅት የሚጎዳው እኛን ብቻ አይደለም፤ ጎበዙን ሠራተኛ ራሱ ያጣዋል። ስድስት ጥያቄ አስቀድሞ ጽፎ፣ ከየጥያቄው ጎን የነጥብ አሰጣጡን አስፍሮ መግባት ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። ሁለት ጊዜ «እኛው እንደውልልሻለን» ተባልኩ፤ በሦስተኛው ስልኩ አልተነሣም። አልፈሻል አላሉኝም፤ ወድቀሻል አላሉኝም። ወንድሜ በየማታው «ደወሉ?» ይለኛል።

ያንን ፈተና ያወጣችሁ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ብታገኙት የምጠይቃችሁ ሥራ እንድትሰጡኝ አይደለም። ጥያቄ ቁጥር 14ን ለተፈታኞች ሁሉ አርሙት፤ ከጎኑ 500 ብሎ ጽፎ የወጣው ልጅ ወረቀትም እንደገና ይታይለት።