ውዳሴ ዘሁለት ደቂቃ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በባሕር ዳር፣ ከፔዳ ወደ ጊዮርጊስ ብስክሌቴን እየነዳሁ ስመጣ፣ ለብስክሌት ተብሎ በቀለም በተለየው መስመር ላይ አንዲት ነጭ መኪና አራቱንም ፍሬቻዋን እያብለጨለጨች ቆማ አገኘኋት። ደወሌን ሁለቴ አቃጨልኩ። ባለቤቷ ከዳቦ ቤቱ በር ብቅ አሉና የያዙትን ፌስታል እንደ መታወቂያ ከፍ አድርገው እያሳዩኝ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ እኮ ነው!» አሉኝ። በዕድሜ ልጄ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው፤ አንቱ የምላቸው ስለ ማዕረጋቸው ነው።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ከፋርማሲው ደጃፍ፣ ከትምህርት ቤቱ በር፣ ከሞባይል መሸጫው ፊት ለፊት፣ አንዳንዴም ዜብራው መሐል ላይ አግኝታችኋቸዋል። እስከ ዛሬ ስናማቸው ኖረናል፤ እኔ ግን ነገሩን ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አድሬ፣ ሰውየው ሊሸለሙ እንጂ ሊታሙ እንደማይገባ ተረድቻለሁ።

ጥበባቸውን ተመልከቱ። «አንድ ደቂቃ» ቢሉ ማንም አያምናቸውም፤ «ሦስት ደቂቃ» ቢሉ ደግሞ ማቆሚያ ፈልገው ሃምሳ እርምጃ በእግራቸው መሄድ ይኖርባቸዋል። ሁለት ደቂቃ ግን ለመቆጣት የምታጥር፣ ጉዳይ ለመጨረስ የምትበቃ ልክ ናት። በዚያ ላይ የፍሬቻው ነገር አለ። አራቱ ፍሬቻ ከበራ በኋላ መኪናው እንደ ቆመ አይቆጠርም፤ ሊሄድ እንዳሰበ ይቆጠራል፤ በሐሳቡ የሄደን መኪና ደግሞ ማን ይከሰዋል? አሥራ ሦስት ወር ያለው የዘመን አቆጣጠርና ከንጋት የሚጀምር ሰዓት ይዛ የኖረች አገር ይህችን መስፈሪያ በሦስተኛነት ብትጨምር ያንስባት ይሆናል እንጂ አይበዛባትም፤ በውስጧ ዳቦ ይገዛባታል፣ የጓደኛ ልጆች ደኅንነት አንድ በአንድ ይጠየቅባታል፣ አቦል ተጠጥቶ ቶና ይጠበቅባታል፣ በረካውም ቢሆን በረከት ነውና አይታለፍባትም።

የከተማ ፕላን አዋቂነታቸውንስ ማን ይክደዋል? ያቺ ነጭ መኪና በቆመችበት ብትቆይ ምን እንደሚሆን ላስረዳ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሊስትሮ ጥላዋን አይቶ ሣጥኑን ከጎማዋ ሥር ያኖራል። ሊስትሮው ካለ ተራ ጠባቂ ደንበኛ ይኖራል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ቡና ያምረዋልና በሳምንቱ የጀበና ቡና ሻጯ ረከቦቷን ከኋላ በኩል ታቆማለች። ቡና ባለበት ባጃጆች መሰለፋቸው አይቀርም፤ ባጃጆች ከተሰለፉ ተራ አስከባሪ ይሾማል፤ ተራ አስከባሪው ደግሞ የገንዘብ ቦርሳውን የሚያንጠለጥልበት የጎን መስተዋት ያገኛል። በወሩ ሰፈሩ ስም ይወጣለታል። የሚኒባሱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ነጯ መኪና! ነጯ መኪና ወራጅ አለ?» እያለ ይጣራል፤ ቤት የሚያከራየው ደላላ «ከነጯ መኪና ዝቅ ብሎ፣ ከሰማያዊው በር በስተቀኝ» ብሎ ያመላክታል፤ የሠርግ መጥሪያ ላይም «ነጯ መኪና ፊት ለፊት» ተብሎ ይታተማል። ክረምት ሲገባ በጎማዎቿ መካከል ሣር ይበቅላል፤ አንዲት ውሻ ከሥሯ ትወልዳለች፤ የፍሬቻዋ ብርሃን መብራት በጠፋ ቁጥር ለሰፈሩ ተማሪዎች የጥናት መብራት ይሆናል፣ ምንም እንኳ አንድ መስመር በበራ ቁጥር ማንበብ ትዕግሥት ቢጠይቅም። ባለቤቷ በየስድስት ወሩ መጥተው ባትሪዋን ይቀይራሉ። ኋላም ልጃቸው ከአባቱ ወርሶ፣ በአቅራቢያው ብስክሌቱን ተሸክሞ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ባየ ጊዜ፣ ያንኑ ፌስታል ከፍ አድርጎ «ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ነው» ይላል።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። እኔ ቆሜ ስጠብቅ አንዲት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ በብስክሌት ከኋላዬ መጣች። መኪናዋን አየች፤ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ሌላ ምን ልታደርግ? ከጎኗ ይመጣ የነበረው ባጃጅ ለእርሷ ብሎ ወደ መሐል ታጠፈ፤ ከባጃጁ ኋላ የነበረው የጭነት መኪና ክላክሱን አንባረቀው፤ ልጅቷ ደነገጠችና መሪዋ ተንቀጠቀጠ። አለፈች። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል፤ ያ ሾፌር የነበረው ጊዜ ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር። በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው፤ ይኸውም ብረት ያልለበሱት። ለአንድ ፌስታል ዳቦ ሲባል የሰው ልጅ ከጭነት መኪና ጎማ ሥር እንዲገባ የሚገፋ ሰው፣ ሰላምታው የቱንም ያህል ትሑት ቢሆን፣ ያደረገው ነገር ነውር ነው። ልጅቷ ብትወድቅ ኖሮ «ብስክሌት መንዳት ሳትችል» ይባልላት ነበር፤ ይህንንም አስቀድመን እናውቃለን፤ እያወቅንም ዝም እንላለን።

ይቅርታ፣ ከምስጋናው ወጣሁ። ሰውየው በዚያ ሰዓት ሁለተኛውን ዳቦ እየመረጡ ነበር።

የእኒህ ሰው ታላቅነት ይበልጥ የሚታየው ከመንግሥት ዕቅድ ጋር ሲነጻጸር ነው። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ሰውን በእግሩና በብስክሌቱ በሰላም ለማስኬድ አሥር ዓመት ጠይቋል፤ ሰውየው ያንን ሁሉ ለማስቆም የጠየቁት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ አስቡት፤ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን ለእግረኛና ለብስክሌትም መተላለፊያ ተሠርቶለታል። መሐንዲሱ ወንዙን እንሻገርበታለን ሲል፣ የሁለት ደቂቃው ሰው ግን ጉማሬ ለማየትና ፎቶግራፍ ለመነሣት መኪና ጠጋ የሚደረግበት ሰገነት መሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት ደርሰውበታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ከመካከላቸው የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ አሉ፤ እነዚህኞቹ የብስክሌቱን መስመር የሚዘጉት ያለ ጭስና ያለ ድምፅ ስለሆነ፣ ለአየር ንብረቱ ያላቸው ተቆርቋሪነት ከብስክሌተኛው አያንስም።

አጃቢዎቻቸውንም ሳላመሰግን ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዓይነት ዝግጅት ላይ የራስ ቁር አድርጎ፣ ካሜራ ባለበት ሁለት መቶ ሜትር ያህል ፔዳል መትቶ፣ ከዚያ ብስክሌቱን በፒክአፕ አስጭኖ የሚመለሰው ባለ ክራባት አለ፤ ፒክአፑ የት ቆሞ እንደሚጠብቀው መገመት አያቅታችሁም። «ብስክሌት የድሃ ነው» የሚለውም አለ፤ አገሩ ሜዳ ሆኖ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ በብስክሌት ፈረቃ ገብቶ የወጣባት፣ ዘንባባ ጥላ የሚሰጥባት ከተማ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከቀበሌ 14 ቀበሌ 13 ለመሄድ ሞተር የሚያሞቀው እርሱ ነው።

ፌርማታውስ ቢሆን? ሚኒባሱ ጥግ ይዞ እንዳያወርድ ጥጉን ሌላ ባለ ሁለት ደቂቃ ይዞታል። ስለዚህ መሐል መንገድ ይቆማል፤ እናቶች ዘንቢልና ሕፃን ይዘው በሚበሩ ባጃጆች መካከል ይወርዳሉ፤ ጥፋቱም የሾፌሩ ብቻ ይሆናል።

ትናንት የኋላ ጎማዬ ስለተነፈሰ ብስክሌቴን ለጎሚስታው ትቼ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንቃረብ ረዳቱ «የት ነው ወራጅ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ነጯ መኪና ጋ» አልኩት።

ሾፌሩ የት እንደሆነ ሳይጠይቅ አቆመልኝ፤ መሐል አስፋልት ላይ።