«ቪዲዮውን ማጫወት አልተቻለም» ለተባሉት ክቡር መልእክት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር «ቪዲዮውን ማጫወት አልተቻለም»
ባሉበት ስልክ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ላልተቋረጠ አገልግሎትዎ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ሳንጠራዎ እየመጡ ሳንጠይቅዎ እየመለሱልን ይህን ያህል ጊዜ ሲያገለግሉን፣ እስከ ዛሬ በጽሑፍ ያመሰገነዎ ሰው አለመኖሩ ስለከነከነኝ ነው። ኔትወርክ ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ስክሪን ይሰነጠቃል፤ እርስዎ ግን ከሥራ ገበታዎ ቀርተው አያውቁም። ባለአንድ ካሜራ የነበረው ስልክ ባለሦስትና ባለአራት ሆነ፣ የአንድ ወር ደመወዝ ያወጣ የነበረው የስንት ወር ደመወዝ እንደሚያወጣ ለመናገርም ያሳፍራል፤ እርስዎ ግን በዚያው ሳጥንዎ፣ በዚያችው አንድ መስመርዎና በዚያችው አንድ ቁልፍዎ ጸንተው አሉ።

ስለ ቁልፏ ጥቂት ልበል። «እሺ» ትላለች፤ ሌላ ምርጫ የላትም። «ለምን?» የሚል ቁልፍ አልተሠራም፤ «የከለከለው ማን ነው?» የሚልም የለም፤ «ኧረ በሕግ አምላክ!» የሚል ቢኖር ደግሞ ጣታችን ከእሱ ላይ ባልተነሣ ነበር። እኛ እንድንስማማ ብቻ ነው የሚፈለገው። የማንስማማ ከሆነም እስክንስማማ ድረስ ከፊታችን ዞር አይሉም።

ሰዓት አክባሪነትዎም የሚደነቅ ነው። ፋይሉ ገና መውረድ ሳይጀምር «ይህ ነገር በዚህ ስልክ አይሆንም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ» ብሎ መንገር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ይህ ለእርስዎ ክብር የሚመጥን አልሆነም። ፓኬጅ እስኪገዛ፣ ክቧ እየተሽከረከረች ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ላይ ደርሳ እስክትቆም፣ ከዚያም እንደ ምንም ብላ መቶ እስክትሞላና ቤተሰቡ በስልኩ ዙሪያ እስኪሰበሰብ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ከዚያ ብቅ ይላሉ።

ባለፈው ጊዜ የእህቴ ልጅ ከዋሽንግተን የልጇን የክርስትና ቪዲዮ የላከች ዕለት ያደረጉልንን አልረሳም። ያን ዕለት ወዲያው አልወጡም፤ ድምፁን አስቀድመው ለቀቁልን። እልልታው ይሰማል፣ የቄሱ ድምፅ ይሰማል፣ ሕፃኑ ውኃው ሲነካው ሲጮኽ ይሰማል፤ ምስሉ ግን እንደ ጠቆረ ቀረ። አያቴ መነጽራቸውን ወልውለው ስልኩን ወደ ብርሃን አዞሩ፣ ራቅ አደረጉ፣ ቀረብ አደረጉና በመጨረሻ «አሜሪካም መብራት ይጠፋል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ለእሳቸው ጥያቄ የሚሆን መልስ ስንፈልግ ነው እርስዎ በሳጥንዎ ብቅ ብለው «አልተቻለም» ያሉት። አያቴ እስከ ዛሬ ድረስ የዋሽንግተን መብራት ኃይል ጉዳይ ያሳስባቸዋል።

ክቡር ሆይ፣ ከችሎታዎ ሁሉ የላቀው ስም አለመጥራትዎ ነው። ጌታው ሳሎን ተቀምጠው ቡና እየጠጡ «የሉም» ብሎ እንግዳ እንደሚመልስ ዘበኛ፣ ፊትዎን ሳይለውጡ በሩ ላይ ቆመዋል። «አልተቻለም» ሲሉን፣ ጥፋቱ የፋይሉ ነው ብለን እናስባለን፤ አለዚያም የስልካችን እርጅና፣ አለዚያም የራሳችን መሃይምነት። ከበስተጀርባዎ ባለው ሳሎን ውስጥ ግን ቪዲዮውን መክፈት የሚችሉ፣ ነገር ግን «ማን ለማን ይክፈል?» በሚለው ጉዳይ ያልተስማሙ ሰዎች መቀመጣቸውን ከእርስዎ አንደበት ሰምተን አናውቅም። ስለዚህ በእርስዎ ፈቃድ፣ የቤቱን ታሪክ ጥቂት ላንሣ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ጠቡ የእነሱ ነውና።

ከቅድመ አያቶችዎ መካከል በአደባባይ የታዩት፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 2010 የአፕል ኩባንያ አለቃ የነበሩት ስቲቭ ጆብስ አይፓድን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ በኒውዮርክ ታይምስ ድረ ገጽ ላይ ምስል ሊኖርበት በሚገባው ባዶ ቦታ ብቅ ያሉት ሰማያዊ ጡብ ናቸው። ትርጉማቸው «እዚህ ፍላሽ ነበረ፤ አሁን ግን የለም» ማለት ነበር። ፍላሽ በዚያን ጊዜ አብዛኛው የኢንተርኔት ቪዲዮና ጨዋታ የሚያልፍበት፣ አዶቢ የተባለው ኩባንያ ሶፍትዌር ሲሆን፣ አፕል ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በአይፎን ላይ እንዳይገባ ዘግቶበት ነበር። በዚያው በ2010፣ ኤፕሪል 29፣ ጆብስ ምክንያታቸውን በረጅም ደብዳቤ ዘረዘሩ፤ ፍላሽ ዝግ ነው፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ለደኅንነት አያስተማምንም፣ ለመዳፊት እንጂ ለጣት አልተሠራም አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በባትሪውም በደኅንነቱም የተናገሩት ትክክል ነበር፤ ፍላሽ የተከፈተበት ኮምፒውተር ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ሲጮኽ የሰማ ሁሉ ምስክር ነው። ነገር ግን «ዝግ ነው» የሚለው ወቀሳ የወጣው፣ አፕል ሳይፈቅድ አንዲት አፕሊኬሽን እንኳ ከማትገባበት ግቢ መሆኑ ያን ጊዜም ሰውን አስቆ ነበር። ደብዳቤው ከመጻፉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አፕል የውል አንቀጹን ለውጦ፣ በአዶቢ መሣሪያ ተሠርተው ወደ አይፎን የሚተረጎሙ አፕሊኬሽኖችን አግዷል። ሴፕቴምበር ላይ እገዳውን አላላ። ይህን ሁሉ ጊዜ በየስልኩ በር ላይ ቆመው ሕዝብ ሲመልሱ የነበሩት ሰማያዊው ጡብ ስለዚህ ውል አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ የዘር ነገር ነው።

አዶቢም ቢሆን ዝም አላለም፤ በሜይ ወር «አፕልን እንወዳለን» የሚል፣ በልብ ምስል ያጌጠ ማስታወቂያ በየጋዜጣው አወጣ። በእኛ ዘንድ ልብ ሥሎ የሚላክ ፍቅረኛ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ተከሳሽም ይልካል። የአንድሮይድ ስልክና ታብሌት ሻጮች ደግሞ ይህን ጠብ እንደ ሠርግ ቆጥረው «እኛ ጋ ፍላሽ አለ!» እያሉ ከበሮ መቱ። ከእነዚህም አንዱ፣ የሞቶሮላው ዙም ታብሌት፣ በ2011 ገበያ ላይ ሲወጣ የተባለው ፍላሽ ገና አልደረሰም ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር አዶቢ ራሱ ለስልክ የሚሆን ፍላሽ መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ከበሮውን የያዙትም ከበሮውን እንደያዙ ቀሩ። ፍላሽ በኮምፒውተርም ላይ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ተቀበረ። የደቡብ አፍሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ግን አንዳንድ ቅጾቹ በፍላሽ የተሠሩ ስለነበሩ፣ ሁሉንም ቀይሮ ሳይጨርስ ፍላሽ የሚከፍት የራሱን ብሮውዘር አሠርቶ በጃንዋሪ 2021 ለግብር ከፋዩ አቀረበ። ግብር ለመሰብሰብ ሲሆን «አልተቻለም» የሚባል ነገር እንደሌለ ያኔ ተማርን።

ፍላሽ ሲሞት እርስዎም ጡረታ የሚወጡ መስሎን ነበር። የዋህነታችንን ይቅር ይበሉን።

ለካ ጠቡ ከሶፍትዌሩ ወደ ቪዲዮው ሆድ ዕቃ ገብቷል። ቪዲዮ በስልክ የሚላከው ተጨምቆ ሲሆን፣ ያንን ጭማቂ መልሶ የሚፈታው የአጨማመቅ ስልት ደግሞ ባለቤት፣ የፈጠራ መብትና ክፍያ አለው። ጆብስ በፍላሽ ፈንታ የመከሩት ኤች.264 የተባለው ስልት ራሱ ክፍያ የሚጠየቅበት ሲሆን፣ ከባለመብቶቹም አንዱ አፕል ነው። በ2013 ደግሞ ተተኪው ኤች.265 ጸደቀ። ያው ቪዲዮ በግማሽ በሚሆን ቦታ ይቀመጣል ተባለ፤ ለእኛ ለፓኬጅ ገዢዎች ከዚህ የበለጠ የምሥራች አልነበረም። ነገር ግን «የመብቱ ባለቤት እኔ ነኝ» የሚሉት ወገኖች በሦስት የተለያዩ ማኅበራት ተሰልፈው፣ ከማኅበራቱ ውጭ የቀሩትም ለብቻቸው እጃቸውን ዘርግተው ተገኙ። ስልክ ሠሪው ለማን ከፍሎ ከማን እንደሚገላገል ጨነቀው፤ ርካሽ ስልክ የሚሠራው ደግሞ ወጪውን እየቆጠረ አንዳንዱን ነገር ሳያስገባ ተወው። ማይክሮሶፍት እንኳ በዊንዶውስ ላይ ይህን ስልት የሚፈታውን ተጨማሪ ሶፍትዌር በ0.99 ዶላር ይሸጣል። አፕል ግን ከ2017 ጀምሮ አዳዲሶቹ አይፎኖች በዚሁ ስልት እንዲቀርጹ አደረገ። በእርግጥ በካሜራው ቅንብር ውስጥ ገብቶ ለሁሉም ስልክ የሚስማማውን አሮጌውን ስልት መምረጥ ይቻላል፤ በክርስትና ግርግር መካከል፣ ሕፃን ታቅፎና ዳቦ እየቆረሰ የካሜራ ቅንብር ውስጥ የሚገባ ዘመድ ካገኙ ያሳውቁን።

ጎግል በበኩሉ ክፍያ የሌለበትን የራሱን ስልት፣ ቪፒ9ን፣ በዩቲዩብ ላይ አነገሠ፤ አፕል ደግሞ ይህን ስልት እስከ 2020 ድረስ በመሣሪያዎቹ ላይ አልተቀበለም። በዚህም ምክንያት ፎርኬ (4K) በሚባለው ከፍተኛ የምስል ጥራት ስም ዳጎስ ያለ ዋጋ ከፍሎ የአፕልን የቴሌቪዥን ሣጥን የገዛ ሰው፣ ዩቲዩብን በዚያ ጥራት ለማየት ዓመታት ጠብቋል። እኛ በርካሽ ስልክ የምንሠቃየውን እሱ በውድ ዕቃ ተሠቃየ፤ በዚህ ረገድ አድልዎ እንደማያውቁ ልመሰክርልዎ እወዳለሁ። በዚሁ መካከልም ጎግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞንና ሌሎችም በ2015 ተሰብስበው ነፃ የሆነ ስልት እንሥራ ብለው ተማማሉ፤ ኤቪ1 የተባለው ልጃቸውም በ2018 ተወለደ። አፕል ማኅበሩን ተቀላቀለ፤ ሆኖም ኤቪ1ን የሚፈታ ቺፕ በአይፎን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2023፣ ያም በዚያን ጊዜ በ15 ፕሮ ሞዴሎች ላይ ብቻ ነው። ለእኔ ስልክ ተራው የሚደርሰው መቼ እንደሆነ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ግን አይናገሩም።

አለመናገርን በተመለከተ ጌቶችዎ የሚያስተምሩት ለእርስዎ ብቻ አይደለም። በ2013 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ስልኮቹ የዩቲዩብ አፕሊኬሽን ሠርቶ ሲያወጣ፣ ጎግል ማስታወቂያዬን አያሳይም፣ ቪዲዮዬንም ያስወርዳል ብሎ ተቃወመ፤ ሁለቱ አብረን እንሠራለን ብለው ከታረቁ በኋላም ጎግል አፕሊኬሽኑን በኦገስት ዘጋው። ባለስልኩ ያየው ግን «ስሕተት ተፈጥሯል» የሚለውን የዘመድዎን ፊት ብቻ ነው። አፕልም ቢሆን የሙዚቃ አፕሊኬሽኖች «ከዚህ ውጭ በርካሽ ታገኙታላችሁ» ብለው ለአድማጮቻቸው እንዳይናገሩ ከልክሎ ኖሯል፤ የአውሮፓ ኮሚሽን በማርች 2024 ከ1.8 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የቀጣው፣ ስፖቲፋይ ከተባለው የሙዚቃ ኩባንያ አቤቱታ ተነሥቶ፣ በዚህ ነው። እርስዎ በነፃ የሚሰጡት ዝምታ በገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ ቢያውቁ ኖሮ የደመወዝ ጥያቄ ባነሡ ነበር።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። በየሰፈሩ «ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ የለጠፈ ልጅ አለ። ሚሞሪውን ተቀብሎ በጥፍሩ እያገላበጠ ያየዋል፣ ከዚያ «ስልኩ ምን ዓይነት ነው?» ይላል፣ የስልኩን ስም ሲሰማ ከንፈሩን ይመጥና «ኮንቨርት ይደረጋል፤ ዞር ብለው ይምጡ» ብሎ ያሰናብታል። ኤች.265 ስለሚባለው ነገር የባለመብቶች ስብሰባ ላይ ማንም አልጠራውም፣ የውል አንቀጽም አላነበበም፤ ሆኖም የካሊፎርኒያ ኩባንያዎች ለዓመታት ያልፈቱትን ቡና ተጠጥቶ እስኪመለስ ድረስ ፈትቶ ይጠብቃል። የአያቴንም ቪዲዮ የከፈተው እሱ ነው። መጠኑ አንሶ፣ የሕፃኑ ፊት ትንሽ ደብዝዞ ቢሆንም፣ መብራት መኖሩ ተረጋግጧል፤ አያቴ ግን «አሁን መጣላቸው» ከማለት አልተመለሱም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በዚህ ላጠቃልልና፣ ክቡርነትዎን የማያስቀይም ከሆነ፣ ትንሽ ልመና ላቅርብ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ከአንዲቷ መስመርዎ በታች ሌላ አንዲት መስመር ቢጨመርልን፣ በእሷም ላይ ቪዲዮው ያልተከፈተው በየትኛው ስልት ስለተጨመቀ እንደሆነ፣ ለዚያ ስልት ክፍያ ያልከፈለው ስልክ ሠሪው ይሁን አፕሊኬሽን ሠሪው ቢገለጽልን፣ ይህም ፓኬጃችን ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከማለቁ በፊት ቢሆን ደስታውን አንችለውም። ይህ ከሥልጣንዎ በላይ ነው የሚሉ ከሆነ ደግሞ፣ ቢያንስ የ«እሺ»ዋ ቁልፍ ከጎኗ «አልስማማም» የምትል ታናሽ እህት እንድታገኝ ጉዳዩን ለሚመለከታቸው ጌቶችዎ እንዲያቀርቡልን በትሕትና እንጠይቃለን። የማትሠራ ብትሆንም ግድ የለም፤ ተጭነናት ይውጣልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለስልክ ሠሪዎች፣ ካሜራ መጨመሩ ለጊዜው ይብቃ ተብሎ፤
ለባለመብቶቹ ማኅበራት፣ በየአድራሻቸው፣ ከተግባቡ በአንድ ፖስታ፤
ለሰፈራችን ሚሞሪ ጫኝ፣ ለመረጃ ያህል፤
የመንገድ ኮን ለብሶ ያገኘውን ሁሉ በነፃ ለሚከፍተው የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ለቪኤልሲ፣ በ2011 በፈቃድ ክርክር ምክንያት ከአፕል መደብር ወጥቶ በ2013 ስለተመለሰ፣ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ዘግይቶ የደረሰ ሰላምታ ተያይዞ።